የመቅደላው አደራ፤ የልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ልጅነት

ስለ አጼ ቴዎድሮስ ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተዘፍኗል። ስለ ሴባስቶፖል መድፍ፣ ስለ መቅደላ አምባ፣ እጅ አልሰጥም ብለው በገዛ ሽጉጣቸው ስለማለፋቸው ያልሰማ ኢትዮጵያዊ የለም ማለት ይቻላል። ስለ ልጃቸው ስለ ልዑል ዓለማየሁ ሲነሳ ግን ጨዋታው ወዲያው ወደ አጽሙ ይዞራል። ይመለስ ወይስ እዚያው ይቆይ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔም ወደ መጨረሻው አነሳዋለሁ። ነገር ግን ልዑሉ አጽም ከመሆኑ በፊት የሰባት ዓመት ሕፃን ነበር። ሌሊት የሚባንን፣ ብቻውን መተኛት የሚፈራ፣ ከሚያምነው ሰው መለየት የማይችል ሕፃን ነበር። ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለዚህ ሕፃን ነው።

የታሪክ ምሁር አይደለሁም። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ሲኬድ በምትገኘው በእንፍራንዝ ከተማ፣ በአንድ የሕፃናት ማቆያ የምሠራ ሰው ነኝ። ከምንቀበላቸው ልጆች አንዳንዶቹ እናታቸው ገበያ ወይም ቀን ሥራ የምትውልባቸው ናቸው። አንዳንዶቹ ደግሞ ወላጅ አጥተው ከአክስት ወይም ከአያት የተጠጉ ናቸው። የሰው ልጅ ተቀብሎ ማዋል፣ ማብላት፣ ማስተኛትና ማጫወት ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። አዲስ የመጣ ልጅ በር ላይ ቆሞ ሲያለቅስ ግን ሥራው ምን ያህል እንደሚከብድ ይታወቃል። የልዑል ዓለማየሁን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የሚታየኝ ይኸው የእኛ ሥራ ነው። ልዩነቱ የዚያን ጊዜ አደራ ተቀባዮች የዓለም ኃያል መንግሥት ሹማምንት፣ ስመ ጥር መምህራን፣ ከሁሉም በላይ አንዲት ንግሥት መሆናቸው ነው። ምኑ ተሳካላቸው? ምኑንስ አጎደሉ? እስቲ ከመጀመሪያው እንነሳ።

ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ

ለእንፍራንዝ ሰው የልዑሉ ታሪክ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በከተማችን አቅራቢያ ካለው ኮረብታ ላይ አጼ ሠርፀ ድንግል በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት የጉዛራ ግንብ ዛሬም ቆሟል። እርሳቸውም በልጅነታቸው ዘውድ የተጫነባቸው ንጉሥ ነበሩ። ከዚሁ ከእኛ መንገድ ወደ ደቡብ ወርዶ ወረታ ላይ ወደ ምሥራቅ የታጠፈ ሰው ደብረ ታቦር ይገባል። ዓለማየሁ በሚያዝያ 1853 ዓ.ም የተወለደው እዚያ ነው።

እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ የሰሜንና የትግራይ ገዥ የነበሩት የደጃዝማች ውቤ ኃይለማርያም ልጅ ናቸው። ደጃዝማች ውቤን በ1847 ዓ.ም ደረስጌ ላይ ድል ነሥተው ያሰሯቸው ደግሞ ራሳቸው አጼ ቴዎድሮስ ነበሩ። እቴጌይቱ ያገቡት የአባታቸውን አሳሪ ነው ማለት ነው። ጋብቻው ሰላም የሰፈነበት እንዳልነበረ ብዙ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። እንግዲህ ልጁ የተወለደው ሁለት ወገን በተቆራረጠበት ቤት ውስጥ ነው።

አባትየውም ቢሆኑ የተደላደለ ልጅነት አላዩም። ካሣ ኃይሉ ይባሉ በነበረበት ዘመን፣ በጎንደርና በጣና ሐይቅ መካከል በሚገኝ ገዳም ለትምህርት ገብተው ሳለ ገዳሙ በጦር ተወርሮ ሕፃናት ተማሪዎች እንደተገደሉ፣ እርሳቸው ግን አምልጠው እንደተረፉ ይነገራል። ልጅ ለትምህርት በተላከበት ገዳም እንኳ በሰላም የማያድርበት ዘመን ነበር። ከዚያ የተረፈው ልጅ አድጎ ንጉሠ ነገሥት ሆነ። የእርሱም ልጅ በተራው በጦርነት መካከል አደገ።

ዘመኑ እየከፋ፣ ግዛታቸውም እየጠበበ ሲሄድ አጼ ቴዎድሮስ መቅደላ አምባን መጠጊያ አደረጉ። አምባው ምሽግም እስር ቤትም ነበር። መኳንንቱም የውጭ አገር ሰዎቹም እዚያ ታስረዋል። ትንሹ ልዑል ነፍስ ያወቀው በዘበኛ መካከል፣ የሰንሰለት ድምፅ በሚሰማበት አምባ ላይ ነው። ያም ሆኖ እናቱ አጠገቡ ነበሩ። ቋንቋው ቋንቋው ነው፤ ምግቡ የለመደው ነው፤ ስሙን የሚጠሩት ሰዎች ሁሉ ያውቁታል። ለትንሽ ልጅ ቤት ማለት ይህ ነው፤ ግድግዳው ምንም ይሁን ምን።

አንድ ወር

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም የጄኔራል ሮበርት ናፒየር ጦር መቅደላ ገባ። አጼ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሠው። ወታደሮቹ አምባውን ዘረፉት፤ በኋላም አቃጠሉት። ዓለማየሁ ሰባት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር።

እናትና ልጅ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕሩ ጉዞ ጀመሩ። እቴጌ ጥሩወርቅ ግን ታመው ስለነበር መንገዱን አልጨረሱትም። በግንቦት ወር ትግራይ ውስጥ ጨለቆት አካባቢ አረፉ፤ በጨለቆት ሥላሴም ተቀበሩ። ልብ በሉ፤ ሕፃኑ አባቱን፣ ቤቱንና እናቱን ያጣው በአንድ ወር ገደማ ጊዜ ውስጥ ነው።

ለምን ወሰዱት? በእንግሊዞች በኩል የሚሰጠው መልስ የአባቱ ፈቃድ ነበር፤ አገር ውስጥ ቢቀርም ጠላቶቹ ይገድሉት ነበር የሚል ነው። በእኛ በኩል ደግሞ ከመቅደላ እንደተዘረፈው መጽሐፍና ዘውድ ሁሉ እርሱም ምርኮ ሆኖ ሄደ የሚል ነው። ክርክሩን ለባለሙያዎቹ ልተወው። እኔ የማውቀው ሕፃን ፈቅዶ እንደማይማረክ፣ ፈቅዶም እንደማይሰደድ ነው። አዋቂዎች የወሰኑለትን ተቀብሎ ይሄዳል። ስለዚህ ውሳኔው ትክክል ነበር አልነበረም የሚለው ሲመዘን፣ ከዚያ በኋላ ልጁ እንዴት ተያዘ የሚለውም አብሮ መመዘን አለበት።

ባሻ ፈለቀ

ልጁን እንዲይዝ የተመረጠው ካፒቴን ትሪስትራም ስፒዲ ነበር። ቁመቱ ከሁሉም በላይ ጎልቶ የሚታይ፣ ጺመ ቀይ ሰው ነው። ቀደም ሲል አጼ ቴዎድሮስን ያገለገለ ሲሆን አማርኛ ይናገራል። የአገሬው ሰው ባሻ ፈለቀ እያለ ይጠራው ነበር።

እናቱ ካረፉ በኋላ ዓለማየሁ ከዚህ ሰው ጋር ተጣበቀ። ሌሊት በፍርሃት ይባንናል፤ ስፒዲ አጠገቡ ከሌለ እንቅልፍ አይወስደውም። ስፒዲም ልጁን ወንድ ልጅ አያለቅስም ብሎ አልገሠጸውም፤ አጠገቡ እያስተኛ አባበለው። ወታደር ነው፤ ስለ ልጅ አስተዳደግ የተማረ ሰው አይደለም። ነገር ግን በዚያ ሰዓት ለልጁ የሚያስፈልገውን አደረገ። አንድ የማይለዋወጥ ሰው ሆነለት፤ በገዛ ቋንቋውም አናገረው።

ይህ ነገር ዛሬ ሳይንስ ሆኗል። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቦልቢ ለዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1951 ባቀረበው ጥናት፣ ትንሽ ልጅ ከአንድ ቋሚ አሳዳጊ ጋር የሚኖረው ቁርኝት ለአእምሮው ጤና እንደ ምግብ አስፈላጊ መሆኑን አስረዳ። በቀጣዩ ዓመት ጄምስ ሮበርትሰን የተባለ ባልደረባው ሆስፒታል የገባችን የሁለት ዓመት ልጅ ቀርፆ አሳየ። በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ወላጅ ልጁን እንደ ልብ እንዲጠይቅ አይፈቅዱም ነበር። ፊልሙ ሕፃን ዝም አለ ማለት ተረጋጋ ማለት እንዳልሆነ ለሐኪሞቹ አሳያቸው። ዝም ያለው ተስፋ ቆርጦ ሊሆን ይችላል።

በእኛ ማቆያም ይህንን በዓይናችን እናየዋለን። አዲስ ልጅ ሲመጣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት እናቱ ወይም አያቱ አብረው እንዲቆዩ እናደርጋለን። ጠዋት በር ላይ የምትቀበለው ሁልጊዜ አንዷ ሞግዚት ናት፤ ስሙን ጠርታ ነው የምትቀበለው። ከቤት የመጣች ትንሽ ነገር፣ የእናት ነጠላ ቁራጭም ብትሆን፣ ከእጁ አትወሰድም። የሚተኛባት ምንጣፍ የራሱ ናት፤ ቦታዋም አይቀየርም። እናት ስትሄድ ተደብቃ አትሾልክም፤ ልጁን ተሰናብታ፣ መቼ እንደምትመለስ ነግራው ትሄዳለች። ሲያለቅስም ጅብ መጣልህ ብሎ ማስፈራራት በእኛ ግቢ ክልክል ነው። በጅብ ዝም የተባለ ልጅ ማታ ይባንናል፤ ያለ ጥፋቱም ፍርሃት ያድርበታል።

ወደ ልዑሉ እንመለስ። በሐምሌ 1860 ዓ.ም እንግሊዝ አገር ደረሰ። ንግሥት ቪክቶሪያ በዋይት ደሴት ባለው የኦስቦርን ቤተ መንግሥታቸው ተቀበሉት። ንግሥቲቱ ልጁን ወደዱት፤ በዕለት ማስታወሻቸውም ስለ እርሱ በርኅራኄ ጽፈዋል። ስፒዲ በዚያው ደሴት ፍሬሽዋተር በተባለ ሰፈር አብሮት ተቀመጠ። የዘመኑ ታዋቂ ፎቶግራፍ አንሺ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትኖረው እዚያው ስለነበር አነሳቻቸው። ፎቶግራፎቹ ዛሬም አሉ። ልጁ የአገሩን ልብስ ለብሷል፤ ፊቱ ላይ ግን የልጅ ፈገግታ አይታይም። ያየው ሰው ሁሉ አንጀቱ ይላወሳል።

ግምጃ ቤቱ ሲፈርድ

ስፒዲ በታኅሣሥ 1861 ዓ.ም ትዳር መሠረተ፤ ሚስቱ ኮርኔሊያ ትባላለች። ልጁ እናትና አባት ያለበት ቤት አገኘ ማለት ነው። ስፒዲ በሰሜን ህንድ በፖሊስነት ሲመደብም ባልና ሚስቱ ዓለማየሁን ይዘውት ሄዱ። ከመቅደላ ወዲህ ባለው ሕይወቱ ለቤተሰብ የቀረበው ዘመን ይህ ነበር ማለት ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በ1871 ስፒዲ ወደ ፔናንግ እንዲዛወር ሆነ። በዚህ ጊዜ የለንደን ሹማምንት ልጁ ወደ እንግሊዝ ተመልሶ የጨዋ ልጅ ትምህርት መማር አለበት አሉ። ወጪውን የሚሸፍነው የመንግሥት ግምጃ ቤት ስለነበር የገንዘብ ሚኒስትሩ ሮበርት ሎው ቃል ከባድ ነበር። ስፒዲ መለየቱን አልወደደም። ንግሥት ቪክቶሪያም ልጁን ከሚወደው ሰው መነጠል ጭካኔ ነው ብለው ተቃወሙ። ግን አልሆነም። ንግሥቲቱም ቢሆኑ ግምጃ ቤቱን አላሸነፉም። የአሥር ዓመቱ ልጅ ከስፒዲ ተለየ።

እኔን ከዚህ ሁሉ ታሪክ የሚከነክነኝ ይህ ቦታ ነው። ሹማምንቱ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። የልጁ ምግብ፣ ልብስና ትምህርት እንዳይጓደል ተጨንቀዋል። ስለ ትምህርት ቤቱና ስለ ወጪው ደብዳቤ ተጻጽፈዋል። ልጁ ሌሊት ሲባንን አጠገቡ ማን ይኖራል የሚለው ጥያቄ ግን የማንም መሥሪያ ቤት ጉዳይ አልሆነም። ዛሬም ብዙ ቦታ እንዲሁ ነው። ማሳደጊያ ሲጎበኝ አልጋው ይቆጠራል፤ ብርድ ልብሱ ይታያል፤ ወጥ ቤቱ ይፈተሻል። ሞግዚቶቹ በስንት ወር ይቀያየራሉ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ደመወዛቸው አነስተኛ ስለሆነ ሞግዚቶች ቶሎ ቶሎ ሥራ ይለቃሉ። በለቀቁ ቁጥር ልጁ እንደገና እናት ይሞትበታል።

ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት

ዓለማየሁ በ1864 ዓ.ም ገደማ የቼልተንሃም ኮሌጅ ኃላፊ ለነበረው ለዶክተር ጄክስ-ብሌክ ተሰጠ። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1874 የስመ ጥሩው የረግቢ ትምህርት ቤት ኃላፊ ሆኖ ሲዛወር ልጁም ተከትሎ ተዛወረ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1878 ሳንድኸርስት ወደሚገኘው የጦር ትምህርት ቤት ገባ። እነዚህ የእንግሊዝ ባላባት ልጁን ለማስገባት ደጅ የሚጠናባቸው ቤቶች ናቸው። ዓለማየሁ ግን በቀለም ትምህርት አልገፋም፤ በሳንድኸርስትም ደስታ አላገኘም። ጥቁር ተማሪ በማይታይበት ቦታ፣ ሁሉም አተኩሮ የሚያየው ባይተዋር ሆነ።

በዚህ መካከል አማርኛው ከአፉ ጠፋ። ከስፒዲ ከተለየ ወዲያ በቋንቋው የሚያወራው ሰው አልነበረውም። የእናቱ እናት አገር ቤት ሆነው ደብዳቤ ያስጽፉ ነበር። ልጃቸው ሞታ፣ የልጅ ልጃቸው ባሕር ማዶ ቀርቶ፣ በወረቀት ይፈልጉታል። እርሱ ግን የአያቱን ቋንቋ እየረሳ ነበር። አያትና የልጅ ልጅ በሕይወት እያሉ እንዲህ ሲጠፋፉ ከሞት አይተናነስም።

ሕፃን ቋንቋ ሲረሳ ከቃላቱ ጋር ብዙ ነገር ይሄዳል። የእናቱ እሹሩሩ ይጠፋል፤ ተረት ተረት ሲባል የላም በረት ብሎ የሚመልስበት ቦታ ይጠፋል። እኛ ጋ ከሌላ አካባቢ ተፈናቅለው የመጡ ቤተሰቦች ልጆች ሲገቡ በመጀመሪያ የምንጠይቀው በቤታቸው ውኃ፣ እናት፣ አመመኝ እና ሽንት ቤት ምን ተብለው እንደሚጠሩ ነው። አራት ቃል ናት፤ ግን ልጁ ችግሩን የሚነግርባት መንገድ ናት። ጨዋታውንም ከለመደው እንጀምርለታለን። እቃ እቃ፣ አኩኩሉ፣ ከጭቃ ላምና በሬ መሥራት ገንዘብ አያስወጡም። ውድ አሻንጉሊት የሌለው ማቆያ ድሃ አይባልም፤ ልጅ የማይጫወትበት ማቆያ ግን ድሃ ነው።

ስለ ደህንነት ካነሳሁ አይቀር ጥቂት ልጨምር። የትንሽ ልጅ አደጋ ብዙ ጊዜ ከቤት ውስጥ ነው የሚመጣው። የከሰል ምድጃና የፈላ ጀበና ልጅ ከማይደርስበት መቀመጥ አለባቸው። የውኃ ጉድጓድና በርሜል መከደን አለባቸው። ሽምብራና ባቄላ ለማስቆጠር ጥሩ ቢሆኑም ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ጉሮሮ ውስጥ ይቀረቀራሉ፤ ለእርሱ ትልልቅ ነገር ነው የሚሰጠው። እንደ እንፍራንዝ ባለ ዋና መንገድ የሚያልፍበት ከተማ የግቢው በር መቀርቀሪያ ከልጅ ቁመት በላይ መሆን አለበት። ልጅን የሚወስደው ሰው ቀድሞ የተመዘገበ መሆን አለበት፤ አጎቱ ነኝ ያለ ሁሉ አይወስድም። አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር በር ዘግቶ ብቻውን መዋል የለበትም፤ ይህ ደንብ ልጁንም ሞግዚቷንም ይጠብቃል።

ሊድስ

ዓለማየሁ እ.ኤ.አ. በ1879 ሳንድኸርስትን ትቶ ሊድስ ከተማ ገባ። ያረፈው ቀድሞ ባስተማረው በሲረል ራንሰም ቤት ነበር። በነገራችን ላይ የዚህ መምህር ልጅ አርተር ራንሰም ከዓመታት በኋላ በእንግሊዝ አገር ስመ ጥር የልጆች መጽሐፍ ደራሲ ሆኗል፤ ዓለማየሁ ሲሞት ግን ገና አልተወለደም ነበር።

በዚያው በልግ ብርድ መታውና የሳንባ ሽፋን በሽታ ያዘው። ሕመሙ ሲጠና መርዝ ሰጥተውኛል ብሎ ሕክምናውን አልቀበልም ያለበት ጊዜ ነበር። ይህን ሳነብ የሰባት ዓመቱ ልጅ ይታየኛል። ከሰው እጅ ወደ ሰው እጅ ሲተላለፍ ያደገ ልጅ በመጨረሻ የሚያክመውን እጅ እንኳ ማመን ቢያቅተው ይፈረድበታል? ንግሥት ቪክቶሪያ ስለ ጤንነቱ በቴሌግራም ይጠይቁ ነበር። በኅዳር 1872 ዓ.ም በ18 ዓመቱ አረፈ። ንግሥቲቱ በማስታወሻቸው ላይ፣ በባዕድ አገር አንድ ዘመድ ሳይኖረው ብቻውን መሞቱን፣ ሕይወቱም ደስታ ያልነበረበት መሆኑን ጽፈው አዝነዋል። ያውቁ ነበር ማለት ነው።

በትእዛዛቸው ዊንድሶር፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት አጠገብ ባለው የምድር ቤት መቃብር ተቀበረ። በጸሎት ቤቱ ውስጥ የመታሰቢያ ነሐስ አለ። ነሐሱ ላይ የተቀረጸው ከማቴዎስ ወንጌል የተወሰደ፣ እንግዳን ተቀብሎ ስለማስተናገድ የሚናገር ቃል ነው። እንግዳ ሆኖ መጣ፤ ተቀበሉት፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን እንግዳ እንደሆነ ሞተ። ልጅን መቀበል በር ከፍቶ ከማስገባት ያለፈ ነገር መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስተምር የለም።

አደራው ዛሬ

ይህ የጥንት ታሪክ ነው የሚል ቢኖር ገጣሚውን ለምን ሲሳይን ያስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1967 ከኢትዮጵያዊት እናት እንግሊዝ አገር ተወለደ። በሕፃንነቱ ለአሳዳጊ ቤተሰብ ተሰጠ፤ ስሙም ተቀየረ። በ12 ዓመቱ አሳዳጊዎቹ መለሱትና ከማሳደጊያ ማሳደጊያ ሲዘዋወር አደገ። እናቱ የሰጡትን ስም ያገኘው በወጣትነቱ፣ ከማሳደጊያ ሲወጣ በተሰጠው ሰነድ ነው። አድጎ የታወቀ ጸሐፊ ሆኗል፤ እስከ 2022 እ.ኤ.አ. ድረስም የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ቻንስለር ነበር፤ ለልዑል ዓለማየሁ አጽም መመለስም ድምፁን አሰምቷል። በሁለቱ ልጆች መካከል ከመቶ ዓመት በላይ አለ፤ ጉድለቱ ግን አንድ ዓይነት ነው።

ዓለም ከዚህ ተምሯል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በ20ኛው አንቀጹ፣ ከቤተሰቡ የተለየ ልጅ በሚያድግበት ቦታ ሃይማኖቱ፣ ባህሉና ቋንቋው እንዲታሰብለት፣ አስተዳደጉም እንዳይቆራረጥ ያዝዛል። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2009 ያጸደቀው መመሪያ ደግሞ በተለይ ከሦስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በትልልቅ ማሳደጊያ ሳይሆን በቤተሰብ ውስጥ እንዲያድጉ ይመክራል። የእኛም ፓርላማ በ2010 ዓ.ም የውጭ አገር ጉዲፈቻን አግዷል። እገዳው ልጆቹን አገራቸው ላይ አስቀርቷል፤ አገር ውስጥ ቤት የማግኘቱ ሥራ ግን የእኛ ነው።

በዚህ ረገድ ባዶ እጃችንን አይደለንም። ጉዲፈቻ አለን፤ የጡት ልጅ አለን። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም ሄደው በረሃብ የተጎዱ ሕፃናትን ወደ ቤታቸው ያመጡት ወይዘሮ አበበች ጎበና ከመቅደላ ብዙም ከማይርቀው ከዚያው ከወሎ ምድር ነው ልጆቹን ያነሱት። ንግሥትም ግምጃ ቤትም አልነበሩም። ቤተሰባቸው ሲቃወማቸው ቤታቸውን ለቀው ከልጆቹ ጋር ኖሩ። በ2013 ዓ.ም እስካረፉበት ጊዜ ድረስ ከልጆቹ አልተለዩም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ስለ አጽሙ ቃል ገብቼ ነበር። በ1999 ዓ.ም ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደጊዮርጊስ ለንግሥት ኤልሳቤጥ የመመለስ ጥያቄ አቅርበው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 የበኪንግሃም ቤተ መንግሥት የሌሎችን አጽም ሳያውኩ ማውጣት አይቻልም ብሎ መልሷል። በመስከረም 2016 ዓ.ም ግን ከስፒዲ ዘሮች አንዷ ቤተሰቡ ጠብቆ ያቆየውን የልዑሉን የጸጉር ዘለላ ለንደን ላይ ለኢትዮጵያውያን አስረክባለች። ከዚያ ሁሉ መንግሥትና ቤተ መንግሥት ቀድሞ አደራ የመለሰው የባሻ ፈለቀ ቤት መሆኑ አይገርምም። ልጁን የወደደው እርሱ ነበርና።

አጽሙ ይመለስ የሚሉትን እኔም እደግፋለሁ። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ይባላል። ሆኖም የዓለማየሁን አደራ የምንወጣበት ሌላም መንገድ አለ፤ እርሱ ደግሞ የማንንም ቤተ መንግሥት ፈቃድ አይጠይቅም። በጦርነትና በመፈናቀል ምክንያት ወላጅ ያጡ፣ በዘመድ የተጠጉ ሕፃናት በክልላችን ጥቂት አይደሉም። ከጎረቤታችሁ እንዲህ ያለ ልጅ ካለ ስሙን እወቁ፤ በስሙም ጥሩት። ማሳደጊያ የምትረዱ ካላችሁ ብርድ ልብስ ስትሰጡ ሞግዚቷ ደመወዟ ይበቃት እንደሆነም ጠይቁ፤ ለልጁ ከብርድ ልብሱ ይልቅ የእርሷ መቆየት ያስፈልገዋልና። ልጅ ከአንድ ቤት ወደ ሌላ እንዲዛወር የምትወስኑ ሹማምንት ደግሞ ፊርማችሁን ከማኖራችሁ በፊት፣ ይህ ልጅ ማታ የሚፈልገው ማንን ነው ብላችሁ ጠይቁ። ለዓለማየሁ ይህን የጠየቁለት ነበሩ፤ የሰማቸው ግን አልነበረም።

ቸር ይግጠመን።